«ለምጄዋለሁ» ግፊት አይለካም!



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልምድ ነው። በተለይ ስለ ሾፌሮቻችን ልምድ። ከወረታ ተነስተው በአለም በር ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ደግሞ በገሳይና በክምር ድንጋይ አድርገው ንፋስ መውጫ፣ ጋሸና፣ ወልድያ ስለሚመላለሱት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ግን ሾፌር ባል፣ አባት ወይም ወንድም ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሾፌሩ ራሱ ሲያርፍ ቢያነብበው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። (እየነዳህ ከሆነ ስልኩን አስቀምጥ!)

ሾፌሮችን ግፊት በለካሁ ቁጥር የምሰማት ቃል አለች፦ «ለምጄዋለሁ»። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ያሉ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለጨጓራ መድኃኒት ፈልገው መጡ። ግፊታቸው 170/105 ሆነ። ቁጭ ብለው እንዲያርፉ አድርጌ ደግሜ ለካሁ፤ ብዙም አልወረደም። «ጋሼ፣ ሥራው አያስጨንቅዎትም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ኧረ የምን ጭንቀት አመጣህብኝ ዶክተር! ሃያ ስምንት ዓመት ነዳሁ እኮ። ጉናን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው።»

እውነታቸውን ነው። ጭንቀት አይሰማቸውም። ችግሩ የደም ሥራቸው ይህን አለመስማቱ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ከፊታችሁ ያለው አይሱዙ ድንገት ቆመ እንበል። አእምሮ ያየውን «አደጋ!» ብሎ ለመተርጎም ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ወዲያው ነርቮች ልብን በቀጥታ ያዛሉ፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ይሄኛው ፈጣኑ ነው። ቀርፋፋው ደግሞ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ጣሪያ የሚነካው ነገሩ ከተፈጠረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አለም በር ላይ የደነገጠ ሰው ኮርቲሶሉ ከፍ የሚልበት ወደ ደብረ ታቦር ሲቃረብ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እሱ ድንጋጤውን ረስቶ ከረዳቱ ጋር እያወራ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ በሽታ አይደለም። ፍሬን በጊዜው እንድንረግጥ የሚያደርገን እሱ ነው። ጥያቄው ልምድ እዚህ ውስጥ ገብቶ ምን ይለውጣል የሚለው ነው።

ይህን በደንብ ካሳዩት ሰዎች መካከል ዋልተር ፌንዝና ሲሞር ኤፕስታይን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ሥራ ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችን፣ ጀማሪዎችንና ልምድ ያላቸውን፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ አነጻጸሩ። የጀማሪዎቹ ልብ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ ጣሪያ የነካው ልክ ሊዘሉ ሲሉ ነው። የልምደኞቹ ግን ቀድሞ ከፍ ብሎ፣ የመዝለያው ሰዓት ሲቃረብ መውረድ ጀመረ። ልብ በሉ፣ ልምደኛው ምንም አልተሰማውም አላልኩም። ሰውነቱ ቀድሞ ተነሳ፣ ቀድሞም ተረጋጋ።

ጥሩ የጉና ሾፌርም እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፤ ገና ሜዳው ላይ እያለ ፍሬኑን ይሞክራል፤ ጉም ካየ መብራቱን ያበራና ዝም ይላል። (ጎበዝ ሾፌር የሚታወቀው ወሬ በሚያቆምበት ቦታ ነው ይሉኛል ረዳቶች። ያምኑኛል እንጂ እኔም አምናቸዋለሁ!) ጀማሪው ግን የሚደነግጠው ቁልቁለቱ መሃል ከገባ በኋላ ነው፤ ሐሳቡ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት እጁ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ልምድ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የሚክድ ሐኪም ካለ እኔ አይደለሁም።

አሁን ግን ሌላውን ጎን እዩት። እነ ኡርሲን፣ ባዴና ሌቪን በኖርዌይ የፓራሹት ሠልጣኞች ላይ የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ ወጥቷል። ሠልጣኞቹ ከማሠልጠኛው ማማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘሉ ኮርቲሶላቸው ጣሪያ ነካ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዝላዮች ግን ቶሎ ወረደ፤ ለመዱት በቃ። የልብ ምታቸውና አድሬናሊናቸውስ? እሱ ከዝላይ ዝላይ መነሳቱን አላቆመም። ይህች ነጥብ ናት የጽሑፌ እምብርት። «ለምጄዋለሁ» ስንል የምናወራው ስለሚሰማን ስሜት ነው። ፍርሃቱ ሄዷል፤ ልብና የደም ሥር ግን አሁንም ለሥራው ይነሳሉ።

ለምን ይነሳሉ? እዚህ ላይ ፓይለቶችን ላምጣ። በመጀመሪያ የመርከብ ፓይለት የሚባል ሙያ እንዳለ ታውቃላችሁ? ካፒቴኑ አይደለም። ወደቡን፣ ጥልቀቱንና የውሃውን አካሄድ የሚያውቅ የአካባቢው መሪ ነው። በትንሽ ጀልባ መጥቶ፣ በሚንቀሳቀስ መርከብ ጎን ላይ በተንጠለጠለ የገመድ መሰላል ወጥቶ፣ አይቶት የማያውቀውን መርከብ ከማያውቃቸው ሠራተኞች ጋር ሆኖ ወደብ ያስገባል። ቀን ይሁን ሌሊት፣ መርከቡ በደረሰበት ሰዓት ይጠራል። ባሕር የለንም ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ከውጭ የምናስገባው ስንዴና ማዳበሪያ በጅቡቲ በኩል ሲገባ በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ወዲያ በሾፌር እጅ። ሁለቱን ሙያዎች ወንድማማች አድርጌ የማያቸው ለዚህ ነው፦ ከባድ ዕቃ፣ ጠባብ መንገድ፣ ቀስ ብሎ የሚቆም ነገር፣ የተዛባ እንቅልፍ።

የአየሮቹ ደግሞ በደንብ ተለክተዋል። ሮስኮ የተባለ እንግሊዛዊ የበረራ ሐኪም የልምደኛ አብራሪዎችን የልብ ምት ለዓመታት ተከታትሏል። ምቱ ከፍ የሚለው ሲነሱና ሲያርፉ ነው፤ ይሄ አይገርምም። የሚገርመው፣ አንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት አብራሪዎች የልብ ምቱ ይበልጥ የሚጨምረው መሪውን የያዘው መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ቢወድቅ ሁለቱም ናቸው የሚሞቱት፤ አደጋው እኩል ነው። ልዩነቱ ሥራው በማን እጅ ነው የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የልምደኛ ሰው ልብ የሚፈጥነው በፍርሃት ሳይሆን በኃላፊነት ነው። ኃላፊነት ደግሞ በሃያ ስምንት ዓመት አይለመድም። እንዲያውም ሰው ልጆች ሲወልድ፣ መኪናው የራሱ ሲሆን፣ ብድር ሲኖርበት ይብሳል።

እንግዲህ «ጭንቀት የፈሪ ነው» የምትሉ ወንድሞቼ እዚህ ላይ አልስማማም። ልቡ የማይነሳ ሰው መሪ ባይዝ ይሻላል።

ሌላው፣ ልምድ የሚሠራው መንገዱ ያው ሲሆን ነው። ኮርቲሶልን ከምንም በላይ የሚያስነሱት ነገሮች ይታወቃሉ፦ አዲስ ነገር፣ የማይገመት ነገር፣ በእኔ ቁጥጥር ሥር አይደለም የሚባል ነገር። ሾፌሩ ኩርባውን ለምዶታል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ያ መንገድ የት እንደሚጠብ፣ የት ክረምት ድንጋይ እንደሚንከባለል ያውቃል። (ከዚያ በፊትማ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል በእነዚህ ተራሮች ላይ በሰው ጉልበት አስጎትተው ነው መቅደላ ያደረሱት። የእነዚያን ሰዎች ግፊት የለካ አልነበረም!) የዛሬ ሾፌር ግን የሚያስበው ስለ ኩርባው ብቻ አይደለም። መንገዱ ክፍት ይሆን? ዛሬ ማን ያስቆመኝ ይሆን? ነዳጅ አገኝ ይሆን? ተሳፋሪዎቼ በሰላም ይገቡ ይሆን? ባለፉት ጥቂት ዓመታት በክልላችን መንገድ ላይ የዋለ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ይህ ስጋት ትናንት ስለተሻገራችሁት ዛሬ አይለመድም፤ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅማ። የሃያ ዓመት ሾፌር በዚህ በኩል እንደ አንድ ወር ሾፌር ነው። ሰውነቱ እንደገና ጀማሪ ሆኗል፤ እሱ ግን ራሱን አሁንም ልምደኛ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሰውነት ይህን ሁሉ ዝም ብሎ አይሸከምም። ብሩስ ማክዩወንና ኤሊዮት ስቴላር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚህ ስም አወጡለት። በእኛ ቋንቋ «የመላመድ ዕዳ» ብንለው ይቀርባል። ሰውነት በየቀኑ እየተነሳ ይላመዳል፤ ለእያንዳንዱ መነሳት ግን ትንሽ ይከፍላል። ግፊት ሆኖ፣ ስኳር ሆኖ፣ ቦርጭ ሆኖ፣ የተበላሸ እንቅልፍ ሆኖ ይሰበሰባል።

ሾፌር ላይ ደግሞ መቀመጡ ይጨመርበታል። ለንደን ውስጥ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ዝነኛ ጥናት፣ በአንድ አውቶቡስ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች ተነጻጸሩ። ቆራጮቹ ቀኑን ሙሉ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ፤ ሾፌሮቹ ቁጭ ብለው ይውላሉ። የልብ በሽታ የበዛው ሾፌሮቹ ላይ ነበር። በኋላም የደንብ ልብሳቸውን ልክ ሲያዩ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። እና የእኛ ረዳት በር ላይ እየተንጠለጠለ፣ ሻንጣ ጣራ ላይ እየጫነ ሲውል «ምስኪን» እንለዋለን፤ ለልቡ ግን ከሾፌሩ ሳይሻል አይቀርም። መንጠልጠሉን ግን ይተወው!

ከፍታውንም አትርሱ። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ፣ ንፋስ መውጫ ከ3,000 ያልፋል። ወደ ላይ በወጣን መጠን ኦክስጅን ይቀንሳልና ልብ ለዚያም ተጨማሪ ይመታል። የጤነኛ ሰው ልብ ይችለዋል። የደም ሥሩ የጠበበ ሰው ልብ ግን የተደራረበበትን ይቆጥረዋል።

እስካሁን ስለ ልምደኛው አወራሁ። ለጀማሪውም የምለው አለኝ፣ በተለይ ከረዳትነት ወደ መሪ ላደገው ልጅ። እጁ ሲያልበው፣ ጨጨሆ ላይ ልቡ ሲመታ፣ ትልልቆቹ ሾፌሮች «ምነው ጎረምሳው፣ ፈራህ እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል። ልጁም ፍርሃቱን ለመደበቅ ይፈጥናል። ወይ ጫት ይጀምራል። በሕክምና ዓይን ይህ ልጅ ምንም አልጎደለውም፤ ሰውነቱ ለአዲስ ነገር የሚሰጠውን ትክክለኛ መልስ እየሰጠ ነው። የሚያስፈልገው ጉናን መጀመሪያ ባዶ መኪና ይዞ፣ በቀን፣ በበጋ፣ አጠገቡ ልምድ ያለው ሰው ተቀምጦ ደጋግሞ መውረድ ነው። የአየር መንገድ አብራሪዎች ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ የሚማሩት መሬት ላይ ባለ ሲሙሌተር ነው፤ አዲሱን ነገር ሰው ሳይጭኑ አሮጌ ያደርጉታል። ለእኛ ሾፌር ሲሙሌተሩ ባዶ አይሱዙ ይሁንለት። ሃምሳ ኩንታል ጭኖ፣ በሐምሌ፣ ለብቻው «ተማር» ማለት ግን ማሠልጠን አይደለም።

ጫትን ካነሳሁ አይቀር ልንገራችሁ። ጫት ንቃት አይሰጥም ብዬ አልዋሽም። ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ያንኑ የአድሬናሊን በር በጉልበት በመክፈት ነው፤ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራሉ፤ የደም ሥር ይጠባል። ቀድሞውኑ በሥራው የተነሳውን ልብ ደግመን ማስነሳት ነው። እንቅልፉ ደግሞ የትም አልሄደም፤ መርቃናው ሲወርድ ከነወለዱ ይመለሳል። ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ማታ 3 ሰዓት ላይ እየነዳ ያለ ሾፌር 17 ሰዓቱን ሞልቷል። አንድ ጠብታ ሳይቀምስ። እዚህ ላይ ልምድ ምንም አያድንም፤ እንዲያውም ልምደኛው «እኔ አይወስደኝም» ስለሚል ዘግይቶ ነው የሚቆመው።

ወደ ተጨባጩ ልምጣ። የአውሮፕላን አብራሪ ቢበዛ በየ12 ወሩ የጤና ምርመራ ካላለፈ ተሳፋሪ ይዞ አይበርም። የባሕር ሠራተኛም በዓለም አቀፍ ደንብ የጤና ምስክር ወረቀቱ ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግለውም፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሠልጥነው መርከብ ላይ የሚቀጠሩ ልጆቻችን ይህን ያውቁታል። የእኛን ሾፌር ግን ካላመመው በቀር ግፊቱን ብዙም የሚጠይቀው የለም። «ልምድ አለው» ይባላል፣ በቃ። ባለንብረቱ የመኪናውን ዘይት በኪሎ ሜትር ቆጥሮ ይቀይራል። ጎማውን ይፈትሻል። የሾፌሩን ልብ ግን የሚፈትሽ የለም። የግፊት መለኪያ ዋጋ እኮ ከአንድ የአይሱዙ ጎማ በብዙ ያንሳል! በየመናኸሪያው የሾፌሮች ማኅበር ቢሮ አንድ መለኪያ ቢቀመጥና የሚለካ ሰው ቢሠለጥን ማን ይከለክላል? ይህን ለመጀመር መመሪያ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም።

ስለ አለካኩ አንድ ነገር ላክል። አንዳንድ ሾፌር የዕረፍት ቀኑ ላይ ሲለካ ግፊቱ ልክ ይሆናል፤ በሥራ ቀን ግን ከፍ ይላል። ድብቅ ግፊት እንለዋለን። ስለዚህ ሾፌር የሆንክ ሰው በሥራ ቀንም ተለካ፤ ስትደርስ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለህ፣ ቡናም ሲጋራም ሳትቀምስ፣ ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈህ። በተለያየ ቀን ደጋግሞ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂድ። 180/120 ከደረሰ፣ ከዚያ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መጋረድ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ደግሞ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተህ ያኔውኑ ሆስፒታል። «ንፋስ መውጫ ልድረስና» አይባልም።

መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቁሙ። ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱ ስላለ ነው። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ከታዘዘላችሁና መንገድ ላይ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ ከመተው ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል። ብዙ ሾፌር መድኃኒቱን የሚተወው በዚህች ምክንያት ነው፤ አፍሮም አይናገርም።

ከቁልቁለት ከወጣችሁ በኋላ ሰውነት እንዲወርድ ዕድል ስጡት። ክምር ድንጋይ ወይም ገሳይ ላይ ስትቆሙ ካቢናው ውስጥ ስልክ ከመነካካት ወርዳችሁ አሥር ደቂቃ ተራመዱ። እግረ መንገዳችሁን ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ ሲወጣ ከሚገባው ረዘም ይበል። ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ይህን ያውቃል። የአውሮፓ ሕብረት የከባድ መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። እኛ ጋ የሚያስገድድ ባይኖር እንኳ ተሳፋሪው «ሾፌር፣ ረገጥ አድርገው!» ማለቱን ቢተውለት ግማሽ ዕረፍት ነው።

እናንተ ቤት ያለው ሾፌር ግፊቱን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? ዛሬ ማታ ሲገባ ጠይቁት። «ለምጄዋለሁ» ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡለትና ነገ ጠዋት ይዛችሁት ሂዱ።